የማያመው ሰው ወገብ

ወገቤን አመመኝ ያለ ሰው ቶሎ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ኤም አር አይ ተነሳ» የሚል ነው። መካሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሐኪም ሳይሆን የቢሮ ጓደኛ ነው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ሮንትገን በ1895 ራጅን ሲያገኝ አጥንት ታየ፤ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ዲስክ ግን አልታየም። በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች ከቦታው የወጣ ዲስክ ነርቭ ሲጫን ወደ እግር የሚወርድ ህመም እንደሚያመጣ ጻፉ። እውነታቸውን ነበር። ችግሩ ከዚያ ወዲህ ዲስክ የወገብ ህመም ሁሉ ተጠርጣሪ መሆኑ ነው። በ1980ዎቹ ኤም አር አይ ሲመጣማ ተጠርጣሪው ፎቶው ላይ ቁጭ ብሎ ተገኘ።

ግን ወገቡን የማያመው ሰው ቢነሳስ? በ1994 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ ሞከረ። ምንም የወገብ ህመም የሌለባቸው 98 ሰዎች ኤም አር አይ ተነሱ። 52 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ተገኘባቸው። ዲስካቸው ሁሉ ደህና የሆነው 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንደ ሽበት በሉት፤ አለ፣ ግን አያምም።

በዚያው ዓመት አንድ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኤጀንሲ መመሪያ አወጣ፦ አደገኛ ምልክት የሌለበትን ሰው በመጀመሪያው ወር ፎቶ ለማስነሳት አትቸኩሉ፤ አብዛኛው በራሱ ይሻለዋል። መመሪያው የአከርካሪ ቀዶ ጥገናንም በጥርጣሬ ዓይን ስላየ አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች ተቆጥተው ኮንግረስ ድረስ ሄዱ። ኤጀንሲው ለጥቂት ከመዘጋት ተረፈ፤ በጀቱ ተቆረጠ፣ መመሪያ ማውጣቱንም ተወ።

በ2001 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ 421 የወገብ ህመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ራጅ ተነሱ፣ ግማሾቹ አልተነሱም። ከሦስት ወር በኋላ «አሁንም ያመናል» ያሉት በተነሱት በኩል በዙ። በዘጠነኛው ወር በሕክምናው ይበልጥ የረኩትም እነዚያው የተነሱት ናቸው! እኔን የገረመኝ ይሄ ነው።

ታዲያ መቼ ነው የሚነሳው? ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መሃልና በመቀመጫ ዙሪያ ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው፤ ነገ የለም። ካንሰር የነበረበት ወይም ከከፍታ የወደቀ ሰውም እንደዚሁ አይጠብቅም። እኛ አገር ደግሞ ቲቢ አከርካሪ ውስጥ ይገባል። ሳምንታት የቆየ የወገብ ህመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክሳት ጋር ከመጣ፣ «ፎቶ ልነሳ?» ብሎ ሐኪሙን የሚጠይቅ ሰው ትክክል ነው።