የጥር 13ቱ ልጆች

የምሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ የአል ሂላል ደጋፊ ነው። አንድ ማታ ኳስ ሲያዩ ሻይ ይዤ ገባሁ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «እናንተ ሀበሾች ሩጫ እንጂ ኳስ አታውቁም» አለኝ። ሳቁ። እኔም ባዶውን ብርጭቆ ሰብስቤ ወጣሁ። ግን ነገሩ አልወጣልኝም። አባቴ ልጅ እያለሁ ስለ አንድ ዋንጫ ሲያወራ እሰማ ነበር፤ ያኔ ጆሮ አልሰጠሁትም። በዚያ ሰሞን ሥራ ስጨርስ ሌሊት ሌሊት በስልኬ መፈለግ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ለእናንተ ለእህት ወንድሞቼ ልንገራችሁ።

የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ቀላቅዬ ቡድን አልልክም ስላለች ቀረች። በ1949 የመጀመሪያው ውድድር ላይ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። በ1951 ካይሮ ላይ እንደገና 4 ለ 0። ሁለት ጊዜ ስምንት ጎል ገብቶብን አንድም አላገባንም ማለት ነው።

ሦስተኛው ውድድር በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተደረገ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ የጅማ ተወላጅ፣ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ። በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያ 2 ለ 0 መራችን፤ ልጆቹ ግን 4 ለ 2 ገልብጠው ወጡ። ጥር 13 ቀን ለፍጻሜ የቆመችው ያችው ግብፅ ናት።

ባዳዊ የሚባለው ግብፃዊ መጀመሪያ አገባ። እረፍት 1 ለ 0 ወጡ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ጮኾ ሳይጨርስ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ባዳዊ ደገመ። እዚህ ላይ ብዙ ቡድን ልቡ ይሰበራል። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ፤ 2 ለ 2። ጭማሪ ሰዓት ተሰጠ። ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ አግኝተን አናውቅም።

መንግሥቱን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የጎንደር ልጅ፣ የጊዮርጊስ ተጫዋች። ሌሎቹንስ? በረኛው ጊላ ሚካኤል ተክለማርያም፣ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረመድህን፣ ጌታቸው ወልዴ። ስማቸውን ሳነብ ቆም አልኩ። ብዙዎቹ የአስመራ ልጆች ናቸው። ኤርትራ ያኔ በፌዴሬሽን አብራን ነበረች፤ ዋንጫው ከተበላ ዓመት ሳይሞላው ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፣ ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ከሁሉ የሉቺያኖ ታሪክ ሆዴን በላው። በ1927 አስመራ ተወለደ። አባቱ ጣሊያን ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት። አባቱ ጥሎት ሄደ። ጣሊያኖቹ የሀበሻ ልጅ፣ ሀበሾቹ የጣሊያን ዲቃላ እያሉት አደገ። ትምህርቱን ሳይገፋ በመካኒክነት ሠራ፤ ድሬዳዋ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተጫወተ። የትም አይደለህም የተባለው ልጅ ነው የአገሪቱን ዋንጫ የተቀበለው። በደርግ ጊዜ ተሰዶ ጣሊያን ገባ፤ እዚያው በመስከረም 2015 አረፈ። እኛም እዚህ አገር ስንት ልጅ እናውቃለን፣ የትኛውም ወገን የኔ ነው የማይለው።

ይህን ለምን እጽፋለሁ? ፈይፋ ተራራ ነው፤ ጉሙ ሲወርድ፣ እርከኑ ላይ ቡናው ሲታይ አገሬ ያለሁ ይመስለኛል። በዒድ ዕረፍት ሲሰጡን አምስት ሴቶች አንድ ክፍል እንገናኛለን፤ ከወሎ፣ ከራያ፣ ከጅማ፣ ከጎንደር። ከጦርነቱ ወዲህ ቡናችን ሰላም የለውም። አንዷ አንድ ነገር ትላለች፣ ሌላዋ ስኒዋን አስቀምጣ ትነሳለች። ባለፈው ዒድ ሁለቱ ሳይሰነባበቱ ሄዱ።

በዚህኛው ዒድ ጨዋታውን እንዳለ አወራሁላቸው። ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራሁ። የራያዋ «አስመላሽ? የአጎቴ ስም ነው» አለች። የጅማዋ ይድነቃቸውን የኛ ነው ብላ ያዘች። የጎንደሯ በመንግሥቱ አልደራደርም አለች። ተሳሳቅን። ያ ቡድን ለአንዳችንም ብቻ አይሆንም፤ ማንኛቸውን ብታወጪ ዋንጫው ይቀራል። ዕርቅ ወረደ አልልም። ግን ቡናው ሦስተኛ ደረሰ፣ ማንም ሳይነሳ።

ለልጁም ነገርኩት። ስልኩን ከፍቶ አየና «ይሄ የድሮ ነው» አለኝ። የድሮ ነው፣ እውነቱን ነው። ግን ግብፅን አሸንፈን መሆኑን በገዛ ስልኩ አንብቦታል፤ ሩጫ ብቻ ነው ያለኝም ያን ዕለት አበቃ።

እናንተም አባት ወይም አያት ካላችሁ ስትደውሉ ጠይቁ። ያን ቀን ስታዲየም የገባ፣ በሬዲዮ የሰማ አይጠፋም። ብር ደረሰ ወይ ብቻ ብለን ስልኩን አንዝጋ።