ከኮርማው ፊት የቆመው ማን ነው?

ስለ እስፓኝ የኮርማ ፍልሚያ ሲነሣ ወሬው ብዙ ጊዜ ከሩቅ ይጀምራል። አንዱ የቀርጤስን ሥዕል፣ ሌላው የሮማን አደባባይ ይጠቅሳል። በቀርጤስ ቤተ መንግሥት ጎረምሶች በኮርማ ጀርባ ላይ ሲገለበጡ የሚያሳይ የግድግዳ ሥዕል መኖሩ እውነት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ እስፓኝ የሚደርስ ያልተበጠሰ ክር ግን ማንም አላሳየም። እኔን የሚገርመኝ የቅርቡ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ ኮርማ መውጋት የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ባላባቱ ፈረስ ላይ ተቀምጦ በጦር ይወጋል፤ ሎሌው በእግሩ እየሮጠ በጨርቅ ኮርማውን ያዘናጋል፣ ጌታው ሲወድቅ ያነሣል። ጭብጨባው ለማን እንደ ነበር መናገር ያስፈልጋል እንዴ? የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 5ኛ በ1567 ጨዋታውን አወገዙ፤ በፍልሚያ የሞተ ሰው በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት እንዳይቀበር አዘዙ። እስፓኝ ግን አልሰማችም። በ1575 ጎርጎርዮስ 13ኛ ለምእመናኑ ውግዘቱን አላሉት።

ነገር የተገለበጠው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ከፈረንሳይ የመጣው የቡርቦን ንጉሥ ፊሊፕ 5ኛ ጨዋታውን አልወደደውም፤ ንጉሥ ያልወደደውን መኳንንት መች ይወዱና! ሜዳው ለሎሌው ቀረ። በሮንዳ ከተማ ፍራንሲስኮ ሮሜሮ የሚባል ሰው በ1726 ገደማ በእግሩ ቆሞ፣ በጨርቅና በሰይፍ ብቻ፣ ኮርማውን ፊት ለፊት ገጠመው ይባላል። የልጅ ልጁ ፔድሮ ሮሜሮ ከ5,000 በላይ ኮርማ ገድሎ፣ ጭረት እንኳ ሳይነካው፣ ሰማንያ ዓመት አልፎት በ1839 ሞተ ይላሉ። ፈረሰኛውስ? ጨርሶ አልጠፋም፤ ኮርማውን በጦር እያደከመ ለእግረኛው የሚያመቻች ረዳት ሆነ። የትናንቱ ጌታ ቦታ የዛሬ ሎሌ ቦታ ሆነ ማለት ነው። ፈረሱ ግን በሁለቱም ዘመን ያው ምስኪን ነው፤ መከላከያ ልባስ ግዴታ የሆነለት በ1928 ነው። ከዚያ በፊት አንጀቱ ሜዳ ላይ ይዘረገፍ ነበር።

ታዲያ ሎሌው ጌታ ሆነ? ወርቅ የተጠለፈበት ልብስ መልበሱንስ ለበሰ። ኮርማው ግን የሚረባው በባለ ሰፊ ርስቶች መሬት ላይ ነው። ተመልካቹም ቢሆን በጥላና በፀሐይ ተከፍሎ ይቀመጣል፤ ርካሹ ቲኬት የፀሐዩ ነው። ኤል ኮርዶቤስ የተባለው ማኑኤል ቤኒቴስ ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ በድህነት ያደገ ነው፤ በ1960ዎቹ በሀብት ተንበሸበሸ። እሱን አይቶ ስንት የተራበ ልጅ ቀንድ ፊት እንደ ቆመ ማን ቆጠረ? ዝነኛው ማኖሌቴም ቢሆን በ1947 ሊናሬስ ላይ ተወግቶ ሲሞት ገና 30 ዓመቱ ነበር።

ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። የካታሎኒያ ምክር ቤት በ2010 ፍልሚያውን ከለከለ፤ የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2016 ሕጉን ሻረው። በባርሴሎና ትልቅ ሜዳ የመጨረሻው ፍልሚያ የተደረገው በመስከረም 2011 ነበር። ሕጉ ቢሻርም ኮርማዎቹ ወደዚያ ሳይመለሱ ዓመታት አለፉ።