የቅምቡላው ስምና የቅምቡላው ገላ

የድሮ ጦር መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ የታወቀ ችግር አለባቸው፤ ስምና ልክ አይገናኙላቸውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሞርታር በመዝገብ «8 ሴንቲሜትር» ይባል ነበር። የእንግሊዙ «3 ኢንች» ነው፤ በስሌት ከሄድን 76 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ የራሳቸውን በቀጥታ «81 ሚሊሜትር» ብለውታል። ታዲያ የአፈሙዛቸው ስፋት ሲለካ ሦስቱም 81 ግድም ሆነው ይገኛሉ!

ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሦስቱም ሥራቸው አንድ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልፍሬድ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1915 የሠራው ሞርታር ቅምቡላ ክንፍ ስላልነበረው በአየር ላይ እንደ ጣሳ እየተገለባበጠ ይሄድ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳዊው ኤድጋር ብራንት ቅምቡላውን አሹሎ፣ ጅራቱ ላይ ክንፍ ተክሎ፣ በአፍንጫው እንዲወድቅ አደረገው። ብዙ አገሮች ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት በ1935 ስያሜ የተሰጠው ሞርታሯም 81 ሚሊሜትር ነው።

እንግዲህ ልኩ አንድ ከሆነ መለያው ምንድን ነው? የክንፉ ብዛትና አሠራር፣ የፊውዙ ዓይነት፣ ወገቡን የከበቡት ቀጫጭን ቦዮች፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ቀለሙ ነው። አሜሪካኖች ፈንጂውን ቅምቡላ ቀድሞ ቢጫ ይቀቡት ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን ገላው ወደ ደብዛዛ አረንጓዴ ተለወጠና ቢጫው ለጽሑፉ ብቻ ቀረ። የጭሱ ግራጫ፣ የልምምዱ ሰማያዊ ነበር። ቀለም ግን ማንም ነጋዴ የሚቀባው ነገር ነው፤ ብረት ላይ የተመታ ማኅተም ይበልጥ ይታመናል። ደግሞም ይህ ሁሉ ምርመራ ባዶነቱ በባለሙያ ለተረጋገጠ ቅምቡላ ብቻ ነው። ዛገ ማለት ሞተ ማለት አይደለም።

ከማኅተሞቹ ሁሉ እኛን የሚያስቆመን የጀርመኑ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካዎቹ በስማቸው ፈንታ ጥቂት ምሥጢራዊ ፊደላትን ይመቱ ነበር፤ ጠላት ፋብሪካው የት እንዳለ እንዳያውቅ ነው። ለሰብሳቢው የፊደላቱ ብርቅነት ዋጋ ነው፤ ብርቅ በሆነ መጠን ገንዘብ ያወጣል። ይሁን። ነገር ግን ፊደላቱ የሸሸጉት የባለ ፋብሪካውን ስም ነው። በዚያ ጦርነት ከተያዙ አገሮች ተግዘው ለጀርመን በግዳጅ የሠሩት በሚሊዮን ይቆጠራሉ፤ ከነሱም ብዙዎቹ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ነበሩ። የነሱ ስም በምሥጢር እንኳ በብረቱ ላይ አልተመታም።

የታሪክ ተማሪ ሥራ የሚጀምረው ሰብሳቢው ከሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው። ሰብሳቢው «ይህ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ «ማን ሠራው? በማንስ ላይ ወደቀ?» ብለን ካልቀጠልን፣ እጃችን ላይ የሚቀረው ብረት ብቻ ነው።