ጭብጨባ የቤት ኪራይ አይከፍልም
የ1998ቱ የጥቁር አሜሪካውያን ቲያትር ጉባኤና የተወው ጥያቄ

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

በማርች 1998 መጀመሪያ ላይ ወደ አርባ የሚጠጉ ሰዎች ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ፣ በስኳም ሐይቅ ዳርቻ በነበረ የዳርትማውዝ ኮሌጅ የስብሰባ ማዕከል ለአምስት ቀናት ያህል ከተቱ። ሐይቁን ብዙ የፊልም ተመልካች በዓይኑ ያውቀዋል፤ ሄንሪ ፎንዳና ካትሪን ሄፕበርን የተወኑበት «ኦን ጎልደን ፖንድ» የተቀረጸው እዚያው ነው። ጉባኤውም ስሙን ከፊልሙ ተውሷል። ከተጋባዦቹ መካከል ጸሐፌ ተውኔቶችና አዘጋጆች ነበሩ። አጠገባቸው ግን የቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጆች፣ ጠበቆች፣ የንግድ ሰዎችና ምሁራን ተቀምጠዋል። ዋናው ጭንቀታቸው የተውኔት እጦት አልነበረም። የጥቁር አሜሪካውያን ቲያትር ቤት በምን ገንዘብ ይቁም? ማን ያስተዳድረው? መሥራቹ ሲደክም ወይም ሲሞትስ ማን ይረከበው? የተሰበሰቡት ይህንን ለመምከር ነበር።

ጠሪዎቹ ሦስት ነበሩ፦ በዚያ ወቅት የዳርትማውዝ የክብር እንግዳ የነበረው ጸሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰን፣ እንዲሁም ምሁራኑ ዊሊያም ኩክና ቪክተር ሊዮ ዎከር።

ከስልሳ ስድስት አንድ

እሳቱ የተጫረው ከሁለት ዓመት በፊት ፕሪንስተን ላይ ነው። ጁን 26 ቀን 1996 ከመላው አሜሪካ ለተሰበሰቡ የቲያትር ባለሙያዎችና ኃላፊዎች የመክፈቻ ንግግር እንዲያደርግ የተጋበዘው ዊልሰን ነበር። ሰውየው በ«ፌንስስ» እና በ«ዘ ፒያኖ ሌሰን» ሁለት ጊዜ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ፣ በአገሪቱ ትልልቅ መድረኮች ሁሉ የሚፈለግ ጸሐፊ ስለነበር አዳራሹ የጠበቀው የምስጋና ቃል ነበር። እሱ ግን ሒሳብ ይዞ መጣ። የክልላዊ ቲያትር ቤቶች ማኅበር ስልሳ ስድስት አባላት አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ የጥቁሮች ሊባል የሚችለው አንድ ብቻ ነው አለ። እንደ እሱ አባባል የጥቁሮች ቲያትር የጎደለው ገንዘብ እንጂ ችሎታ አልነበረም። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች «ብዝኃነት» እያሉ የሚመድቡት ገንዘብ ወደ ትልልቆቹ የነጮች ቲያትር ቤቶች ይሄዳል፤ እዚያው ጎረቤት ያለው ትንሹ የጥቁሮች ቤት ደግሞ ከእጅ ወደ አፍ ይኖራል።

በዚሁ ንግግር ዊልሰን የቆዳ ቀለም ሳይለዩ ተዋንያን የመመደብን ልማድ ተቃውሞ ነበርና ጋዜጦች ይዘው የሮጡት ይህንኑ ነው። ሐያሲውና የቲያትር ኃላፊው ሮበርት ብሩስታይን «ይህ ራስን መገንጠል ነው» በሚል መንፈስ መለሰለት። ጃንዋሪ 27 ቀን 1997 ሁለቱ ኒው ዮርክ በሚገኘው ታውን ሆል አዳራሽ በተዋናይቷ አና ዴቨር ስሚዝ መሪነት ፊት ለፊት ገጠሙ። ክርክሩ ብዙ አወያየ፤ የገንዘቡ ነገር ግን በሁካታው መሐል ተረሳ።

በዊልሰን ላይ የተሰነዘሩት ትችቶች ሁሉ ከንቱ አልነበሩም። የራሱ ተውኔቶች የታወቁት በነዚያው ትልልቅ ቤቶች ነው፤ «ማ ሬይኒስ ብላክ ቦተም» በ1984 መጀመሪያ የታየው በዬል ሪፐርቶሪ ቲያትር ነበር። ፕሮፌሰር ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ ደግሞ በ1997 «ዘ ኒውዮርከር» መጽሔት ላይ ሌላ ነገር አነሣ፦ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ያለ ማንም ድጎማ አዳራሽ የሚሞሉ የጥቁሮች ሕዝባዊ ተውኔቶች አሉ፤ እነሱስ ቲያትር አይደሉም ወይ? እንግዲህ በሐይቁ ዳር የተሰበሰቡት ሰዎች ለብሩስታይን ብቻ ሳይሆን ለዚህም መልስ ነበረባቸው።

የብራውን ቤት

ከጉባኤው የተወለደው ተቋም «አፍሪካን ግሮቭ ኢንስቲትዩት ፎር ዘ አርትስ» ተባለ። ስሙ የተወሰደው ዊሊያም አሌክሳንደር ብራውን ከተባለ ሰው ቤት ነው። ብራውን ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣ፣ በመርከብ አስተናጋጅነት የሠራ ሰው ነበር። በ1821 ኒው ዮርክ ውስጥ በጓሮው ጥቁሮች ሻይ እየጠጡ ሙዚቃ የሚሰሙበት መዝናኛ ከፈተ፤ ጎረቤት አቤቱታ አቀረበና ተዘጋ። እሱም ወደ ቲያትር ዞረ፤ በዚያው ዓመት ጥቁር ተዋንያኑ የሼክስፒርን «ሪቻርድ ሳልሳዊ» አሳዩ። ሊያፌዙና ሊረብሹ ለሚመጡ ነጮች ከአዳራሹ ኋላ የተከለለ ቦታ ሰጣቸው።

በ1822 መጀመሪያ ብራውን ደፈር ብሎ ከከተማዋ ትልቅ ቲያትር ቤት ከፓርክ ቲያትር ጎን አዳራሽ ተከራየ። ትርኢቱ በመካሄድ ላይ ሳለ ፖሊስ ገብቶ ተዋንያኑን ከመድረክ ላይ ለቅሞ ወሰዳቸው። የዘመኑ ጋዜጣ እንደጻፈው የተለቀቁት ሼክስፒርን ዳግመኛ እንዳይጫወቱ ቃል ገብተው ነው። ብራውን በ1823 «ኪንግ ሾታዌይ» የተባለ የራሱን ተውኔት አሳየ። በጥቁር አሜሪካዊ ተጽፎ ለመድረክ የበቃ የመጀመሪያው ተውኔት እንደሆነ ይነገርለታል፤ ጽሑፉ ግን ለእኛ አልደረሰም። ቤቱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ።

ታሪክ ከዚያ ቤት ይበልጥ የሚያስታውሰው ተዋንያኑን ነው። ሆኖም ኪራይ የከፈለው፣ ቦታ የመረጠው፣ ከጎረቤትና ከፖሊስ ጋር የተሟገተው ብራውን ነበር። በ1998 የተሰበሰቡት ሥራ አስኪያጆች የሙያ አባት ይፈልጉ ከነበረ እሱን አግኝተዋል።

የክሮስሮድስ ፈተና

ዊልሰን ከስልሳ ስድስቱ አንዱ ያለው ቤት በኒው ጀርዚ፣ ኒው ብራንስዊክ ከተማ የሚገኘው ክሮስሮድስ ነው። ሪካርዶ ካንና ኬኔት ሪቻርድሰን በ1978 ሲመሠርቱት መነሻው አንድ የድሮ ፋብሪካ ሕንፃ ነበር። የጆርጅ ዎልፍ «ዘ ከለርድ ሙዚየም» በ1986 መጀመሪያ የታየው እዚያ ነው። በ1991 ወደ አዲስ ሕንፃ ገባ። በ1999፣ ከሐይቁ ዳር ጉባኤ በዓመቱ፣ ለክልላዊ ቲያትር የሚሰጠውን የቶኒ ሽልማት በመቀበል ከጥቁሮች ቲያትር ቤቶች የመጀመሪያው ሆነ። በ2000 ደግሞ በዕዳ ተይዞ የዓመቱን ፕሮግራሙን ሰረዘ። በኋላ ቢከፈትም እንደ ቀድሞው ለመቆም ዓመታት ፈጅቶበታል።

በሽልማቱና በመዘጋቱ መካከል ያለው ጊዜ የጉባኤውን ሥጋት ከማንኛውም ንግግር በላይ ያስረዳል። ለትርፍ ባልተቋቋመ ቲያትር ቤት የትኬት ገቢ ወጪን አይሸፍንም። ቀሪው ከድርጅቶችና ከግለሰብ ለጋሾች ይመጣል። የድርጅቶች ገንዘብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ለተለየ ፕሮጀክት እንጂ ለመብራት፣ ለጣሪያ ጥገናና ለሒሳብ ሹሙ ደመወዝ አይፈቀድም። ትልልቆቹ ቤቶች ክፉ ዓመት ሲመጣ ከቋሚ ተቀማጫቸው ይቆነጥራሉ፤ ተቀማጭ የሌለው ግን አንድ ተውኔት ካልተሳካለት ወይም አንድ እርዳታ ከዘገየበት በር ይዘጋል።

የሚኔሶታው ፔኑምብራም ከዚህ አላመለጠም። ሉ ቤላሚ በ1976 የመሠረተው ይህ ቤት የዊልሰንን ሥራ በሙያ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ ያበቃ ነው። በ2012 ገንዘብ አጥሮት ትርኢት አቋረጠ፤ ሠራተኛም ቀነሰ። 340 ሺህ ዶላር ለማሰባሰብ ሕዝቡን ተማጸነ፤ ሕዝቡም ከተጠየቀው በላይ አዋጣ። በ2017 አመራሩን ከመሥራቹ የተረከበችው ልጁ ሣራ ቤላሚ ናት። ከ1998ቱ ጥያቄዎች «ማን ይረከበው?» የሚለው ቢያንስ እዚያ መልስ አግኝቷል።

የጉባኤው ልጅ የሆነው ኢንስቲትዩት በአንጻሩ የታሰበውን ያህል አልጎለበተም፤ ዊልሰንም በ2005 አረፈ። ረጅም ዕድሜ ያገኘው መሰባሰቢያ ላሪ ሊዮን ሃምሊን በ1989 በዊንስተን-ሳሌም የጀመረው የጥቁሮች ቲያትር ፌስቲቫል ነው። ሃምሊን በ2007 ቢሞትም ፌስቲቫሉ አልሞተም፤ ምክንያቱም የራሱ ቲያትር ቡድን፣ ቢሮና የለመደችው ከተማ ነበረው።

በ2020 «ዘ ብላክ ሲድ» የተባለው የድጋፍ ዕቅድ ሲነደፍ የሜሎን ፋውንዴሽን 5 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ገንዘቡም የታለመው ለጥቁሮች ቲያትር ቤቶች ለራሳቸው ነበር። ዊልሰን ፕሪንስተን ላይ የጠየቀው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሆኖም አገር ሲናወጥ የሚመጣ ገንዘብ አገር ሲረጋጋ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ አንድ የጥቁሮች ቲያትር ቤት ቆሟል ለማለት ያለፈውን ዓመት ሽልማት ከመቁጠር ይልቅ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሠራተኞቹን ደመወዝ ከየት እንደሚከፍል መጠየቅ ይሻላል።