ርካሹ ኮምፒዩተርና የኢትዮጵያ ፊደል

ሲንክሌር ሪሰርች የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ዜድ ኤክስ 81 የተሰኘውን የቤት ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ሲያቀርብ፣ ተገጣጥሞ የሚሸጠው ዋጋው 69 ፓውንድ ከ95 ፔንስ ነበር። መሣሪያው ምስሉን በቴሌቪዥን ያሳያል፤ ፕሮግራሙንም በተራ የቴፕ ካሴት ያስቀምጣል። ለዋጋው ዝቅ ማለት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይሁንና በትምህርት ሥራ የአንድ መሣሪያ ርካሽነት በዋጋው ብቻ አይለካም፤ ተማሪው በገዛ ፊደሉ ሊጽፍበት መቻሉም አብሮ ይታያል። ዜድ ኤክስ 81 በቋሚ ማኅደሩ የያዘው የ64 ምልክቶችን ቅርጽ ብቻ ነበር። የእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት እንኳ አልነበሩትም። የትእዛዝ ቃላቱም በእንግሊዝኛ በቁልፎቹ ላይ ታትመው ነበር። እያንዳንዱ ምልክት 8 ባይት ሲወስድ፣ 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሆሄያት ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ ይኸውም ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ነው። ቅርጻቸውን ብቻ ለማኖር 1,848 ባይት ያስፈልጋል። ለተጠቃሚው የተመደበው ማኅደር ግን በጠቅላላው 1,024 ባይት ነበር! ተጨማሪ ማኅደር ቢገዛለትም፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኘውን የኮዬ ፈጬን ስም ለመጻፍ የሚፈለገውን «ጬ» በቁመት 8፣ በወርድ 8 በሆኑ ነጥቦች ለይቶ ማሳየት አዳጋች ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የምልክቶች ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዜድ ኤክስ 81 ከወጣ ከ18 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤክስ ኦ የተባለው ርካሽ የተማሪ ላፕቶፕ በኢትዮጵያ ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሲታደል፣ የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ ተዘጋጅቶለት ነበር።