የኢትዮጵያ የኑክሌር ጦር መሣሪያ ፖሊሲ

የኢትዮጵያ የኑክሌር ጦር መሣሪያ ፖሊሲ ሀገሪቱ መሣሪያውን ስለመያዝ፣ ስለመሞከርና ስለመጠቀም የምትከተለው አቋም ነው። ኢትዮጵያ የኑክሌር መሣሪያ የላትም፤ ላለመያዝም በዓለም አቀፍ ስምምነቶች ግዴታ ገብታለች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪካዊ መነሻ

በ1935–36 ወረራ የኢጣልያ ጦር የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ጥሶ በኢትዮጵያውያን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን አዘነበ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሜይ 1936 በድሬዳዋ በኩል በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ጁን 30 ቀንም ጄኔቫ ላይ ስለ ጋዙ ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አሰሙ። ማኅበሩ ግን ወረራውን አላስቆመም።

የ1961 ውሳኔ

በፌብሩዋሪ 1960 ፈረንሳይ የመጀመሪያውን የአቶም ቦምቧን በአልጄሪያ ሰሃራ ስትሞክር ጉዳዩ የአፍሪካም ሆነ። ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኢትዮጵያ ከሌሎች ሀገራት ጋር ያቀረበችውን ውሳኔ ቁጥር 1653 በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። ውሳኔው የጄኔቫውን ፕሮቶኮል ያስታውሳል፤ የኑክሌር መሣሪያን መጠቀምም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን ያውጃል። አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ተቃወሙት፤ ሶቭየት ኅብረት ደገፈችው። የጉባኤው ውሳኔ በሕግ አስገዳጅ ስላልሆነ ግን አስገዳጅ ስምምነቶች አስፈለጉ። ኢትዮጵያም በ1962 በጄኔቫ ሥራ በጀመረው የ18 ሀገራት የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ አባል ሆነች።

ስምምነቶች

• የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት፦ በ1968 ተፈርሞ በ1970 ጸደቀ።
• ሙከራን ሙሉ በሙሉ የሚያግደው ስምምነት፦ በ1996 ተፈርሞ በ2006 ጸደቀ።
• አፍሪካን ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ የሚያደርገው የፔሊንዳባ ስምምነት፦ በ1996 ተፈረመ፤ በአህጉሪቱ ሥራ ላይ የዋለው በ2009 ነው።

ፖሊሲውን የሚቀርጹ ምክንያቶች

አንድ ሀገር መሣሪያውን ለመያዝ ወይም ለመተው ሲወስን የጸጥታ ስጋት፣ የኃያል አጋር ጥበቃ፣ የገንዘብና የቴክኖሎጂ አቅም እንዲሁም የውስጥ ፖለቲካ ይመዘናሉ። ደቡብ አፍሪካ ለምሳሌ የሠራቻቸውን ስድስት ቦምቦች አፍርሳ በ1991 የእገዳውን ስምምነት ተቀብላለች። ኢትዮጵያን በተመለከተ የኑክሌር መሣሪያ የታጠቀ ጎረቤት የለባትም፤ መሣሪያውን መሥራትም ከአቅሟ በላይ ወጪ ይጠይቃል።

ሰላማዊ ጥቅም

የእገዳው ስምምነት መሣሪያውን ለሚተው ሀገር፣ ቁጥጥር እስከተቀበለ ድረስ፣ የኑክሌር ቴክኖሎጂን በሰላም የመጠቀም መብት ይሰጣል። ኢትዮጵያ ከ1957 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል ናት። በኤጀንሲው ድጋፍም የቆላ ዝንብን ለመቆጣጠር ወንዶቹን ዝንቦች በጨረር የማምከን ሥራ ተካሂዷል። በ2019 ደግሞ በሰላማዊ የአቶም ኃይል ዘርፍ ከሩሲያ ጋር የትብብር ስምምነት ፈርማለች።