የደረት ራጅ ፊልም
በቀኙ ሳንባ ጫፍ የሚታየው ነጭ ጥላ ብቻውን በሽታውን አይለይም፤ ቲቢም፣ የሳንባ ምችም፣ ካንሰርም እንዲህ ሊታዩ ይችላሉ። ከደባርቅ ወይም ከዳባት ለመጣ፣ ሳል ለጠናበትና ለከሳ ሰው አክታ ማስመርመር መቅደሙ ትክክል ነው፤ በአገራችን ቲቢ ከሳንባ ካንሰር እጅግ ይበዛልና። ጉዳቱ የሚመጣው በአክታው ባክቴሪያ ሳይገኝ፣ መድኃኒቱም ሳይሠራ፣ ሐሳቡ ቲቢ ላይ ብቻ ተቸክሎ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ሲቲ ስካን፣ ከዚያም ከዕጢው ናሙና ያስፈልጋል፤ ለዚህ ጎንደር ድረስ፣ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መውረድ ሊያስፈልግ ይችላል።

«ሲጋራ ነክታ የማታውቅ እናት እንዴት በሳንባ ካንሰር ትያዛለች?» የሚል ይኖራል። የሳንባ ካንሰር ዋናው መንስኤ ሲጋራ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም የማያጨሱም ይያዛሉ፤ በደጋው ብርድ በር ተዘግቶ የሚነደውን የእንጨት ጭስም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር ያመጣሉ ተብለው በብርቱ ከሚጠረጠሩት መድቦታል። አክታዋ ደም ከቀላቀለ፣ አለማጨሷ ምርመራውን አያስቀረውም።